የሐይቅ ሐይቅ ጥልቅ ደለልና የሚቴን ጉዳይ፦ የተፋሰሱ ሥራ በውኃው ወለል ላይ

ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲካሄድ በተፈጥሮ ላይ የተመሠረቱ መፍትሔዎች ከዋና ዋናዎቹ የመወያያ ርእሶች መካከል ነበሩ። ስለ ደን፣ ስለ አፈርና ስለ ውኃ ማማ ብዙ ተብሏል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሆኖ በሕዝብ ዘንድ እምብዛም የማይነሳው ጉዳይ ደግሞ በጥልቅ ሐይቆች ደለል ውስጥ የሚካሄደው የሚቴን ጋዝ ምርት ነው። ይህ ትንታኔ ጉዳዩን በደቡብ ወሎ ዞን በተሁለደሬና በአምባሰል አካባቢ ከሚገኘው ሐይቅ ሐይቅ አንጻር ይመለከተዋል። በተፋሰሱ ላይ የሚደረገው ወይም ሳይደረግ የሚቀረው ሥራ በሐይቁ ወለል ላይ ምን እንደሚያስከትል፣ ይህም ለዓሣ ሀብቱና ለአየር ንብረቱ ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

ሚቴን ለምን ትኩረት ተሰጠው

ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥሎ ለምድር ሙቀት መጨመር ከፍተኛ ድርሻ ያለው ጋዝ ነው። በከባቢ አየር ውስጥ የሚቆየው ለአሥር ዓመት ያህል ቢሆንም ሙቀት የማመቅ አቅሙ እጅግ ከፍተኛ ነው። በ100 ዓመት ስሌት በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ28 እጥፍ ገደማ፣ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ዕድሜው አጭር በመሆኑ ልቀቱ ሲቀነስ ውጤቱ በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2021 በግላስጎው ይፋ የሆነውና ኢትዮጵያም የተቀላቀለችው ዓለም አቀፍ የሚቴን ቃል ኪዳን የተመሠረተው በዚሁ እውነታ ላይ ነው። ቃል ኪዳኑ የዓለም የሚቴን ልቀት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከ2020 መጠኑ በጋራ ቢያንስ 30 በመቶ እንዲቀንስ ያለመ ነው።

በኢትዮጵያ የሚቴን ነገር ሲነሳ አስቀድሞ የሚታሰበው የቀንድ ከብት ሀብት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁንና በከብት ጨጓራ ውስጥ ሣሩን ሲያብላሉ ጋዙን የሚያመነጩት ረቂቅ ተሕዋስያን የቅርብ ዘመዶች በረግረግ መሬት፣ በባዮጋዝ ማብላያ ጉድጓድና በሐይቅ ደለል ውስጥም ይኖራሉ። አንዱን ሥፍራ ለመረዳት የሌላውን ማወቅ ይጠቅማል።

ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩት

ከሐይቅ ጭቃ የሚወጣ ጋዝ ለሳይንስ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳርቻ ጭቃውን በበትር እየቆሰቆሰ የወጣውን አረፋ በጠርሙስ ሰብስቦ እሳት የሚይዝ ጋዝ መሆኑን አረጋግጧል። ጋዙን የሚያመርቱት ተሕዋስያን ማንነት ግን በትክክል የታወቀው ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካዊው ካርል ዎዝና ባልደረባው ጆርጅ ፎክስ ሚቴን አምራቾቹ ከባክቴሪያ ወገን እንዳልሆኑ፣ ይልቁንም ራሱን የቻለ የሕይወት ክፍል እንደሆኑ አሳዩ። ይህ ክፍል ዛሬ አርኪያ በመባል ይታወቃል።

የእነዚህ ተሕዋስያን ሥራ የረጅም ሰንሰለት መጨረሻ ነው። ወደ ሐይቅ የገባ ቅጠል፣ የሞተ አልጌ፣ የዓሣ ኩስና በጎርፍ የመጣ ብስባሽ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። በመጀመሪያ ኦክስጅን የሚጠቀሙ ተሕዋስያን ያብላሉታል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ናይትሬትን፣ የብረትና የማንጋኒዝ ውሕዶችን እንዲሁም ሰልፌትን የሚጠቀሙት በየተራ ይቀጥላሉ። እነዚህም ሲሟጠጡ ቀሪውን የሚረከቡት ሚቴን አምራቾቹ ናቸው። ሃይድሮጅንን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በማዋሐድ፣ ወይም አሴቴት የተባለውን ውሕድ በመሰንጠቅ ሚቴን ያወጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግንዛቤ መታረም ይኖርበታል። ንጹሕ ሚቴን ሽታ የለውም። ከረግረግና ከቆሻሻ ውኃ የሚመጣው የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ስለዚህ ሽታ አለመኖሩ ሚቴን ላለመኖሩ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ቅዝቃዜ ያልገታው ሕይወት

ከሚቴን አምራቾች መካከል የብዙዎችን ትኩረት የሳቡት ቅዝቃዜ ወዳዶቹ ናቸው። በአንታርክቲካ የሚገኘው ኤስ ሐይቅ ጥልቅ ውኃ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም ያልራቀ ሙቀት ያለውና ኦክስጅን የሌለበት ሲሆን በሚቴን የተሞላ ነው። ከዚህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለት ዝርያዎች ተለይተው ወጥተዋል። ሜታኖጀኒየም ፍሪጂደም የተባለው በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በተሻለ ፍጥነት የሚያድግ ሲሆን ከ20 ዲግሪ በላይ ሊኖር አይችልም። ሜታኖኮኮይደስ በርቶኒ የተባለው ደግሞ ቅዝቃዜውን ቢችልም በ23 ዲግሪ ገደማ ይበልጥ ይፋፋል።

የእነዚህ ዝርያዎች መገኘት ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። የመጀመሪያው ቅዝቃዜ ብቻውን የሚቴንን ምርት እንደማያቆም ነው። ሁለተኛው ቅዝቃዜን የለመዱትም ቢሆኑ ሙቀት ሲጨምርላቸው ሥራቸው እንደሚፈጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ከቤተ ሙከራ ባህል እስከ ሙሉ ሥነ ምህዳር ድረስ የተሰበሰቡ መረጃዎችን አገናዝቦ፣ ሙቀት ከ0 ወደ 30 ዲግሪ ሲያድግ የሚቴን ልቀት ወደ 57 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አመልክቷል። ይህም በየ10 ዲግሪው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ጭማሪ ማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያወጣው የተለመደው አተነፋፈስ ይህን ያህል ለሙቀት አይቸኩልም። በመሆኑም ውኃ ሲሞቅ ከሚበሰብሰው ነገር ውስጥ በሚቴን መልክ የሚወጣው ድርሻ ያድጋል።

ሐይቅ ሐይቅ በወይና ደጋ ከፍታ ላይ ቢገኝም በሐሩር ቀበቶ ውስጥ ነውና ጥልቅ ውኃው እንደ አንታርክቲካው ወደ በረዶ ነጥብ አይቀርብም። የደጋ ሐይቆችን ቀዝቃዛነት እንደ ዋስትና መቁጠር የማይቻለውም ለዚህ ነው። ወለሉ ለሚቴን አምራቾች ዓመቱን ሙሉ የሚመች ሙቀት አለው። ምርቱን የሚወስነው እንግዲህ በዋናነት ወደ ወለሉ የሚደርሰው የምግብ መጠንና የኦክስጅን አለመኖር ነው። ሁለቱም ደግሞ ከሰው ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሐይቁና ተፋሰሱ

ሐይቅ ሐይቅ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይገኛል። በአካባቢው ሎጎ በሚል ስምም ይታወቃል። ስፋቱ ከ20 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ትልቁ ጥልቀቱ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ዋነኛ ገባሩ ከላይ ካለው የአርዲቦ ሐይቅ አቅጣጫ የሚመጣው የአንከርካ ወንዝ ሲሆን፣ በገጸ ምድር የሚወጣ መፍሰሻ የለውም። ከተፋሰሱ የመጣ አፈርና ንጥረ ነገር ወደ ሌላ ቦታ ተጠርጎ ሊሄድ ስለማይችል አብዛኛው በዚያው ይቀራል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የትምህርት ማእከል ሆኖ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት የነበረ ሲሆን ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ይህም የውኃው መጠን በዘመናት ውስጥ መለዋወጡን በዓይን የሚያሳይ ምስክር ነው።

የሐይቁ ደለል የአካባቢውን ታሪክ መዝግቦ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነ ጥናት በሐይቅና በአርዲቦ ደለል ውስጥ የተቀበረ የአበባ ብናኝን መርምሮ፣ ከ2,500 ዓመታት ገደማ በፊት የዝግባና የጥድ ደን ተመንጥሮ በክትክታ ቁጥቋጦና በሣር መተካቱን ገልጿል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ጥድና ወይራ ዳግም ተስፋፍተው እንደነበር፣ ኋላም እንደገና መመናመናቸውን አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የደለሉን መዝገብ ወደ ኋላ 15,600 ዓመታት ወስዶ የአካባቢውን የአየር ንብረት መለዋወጥ ተከታትሏል። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት በተራራው ላይ የሆነው ሁሉ በሐይቁ ወለል ላይ እንደሚጻፍ ነው።

የቅርብ ዘመኑ ጽሑፍ ግን የሚያሳስብ ነው። በቀደሙት ዘመናት በተደረጉ ልኬታዎች ነጭ ሳሕን ወደ ውኃው ሲወርድ እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ይህ ርቀት ወደ አንድ ሜትር ከጥቂት ወርዶ ተገኝቷል። ጥናቱ ሁኔታውን የሐይቁ በንጥረ ነገር መበልጸግና የአልጌ መብዛት ሲል ገልጾታል። ለለውጡ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ከተፋሰሱ የሚታጠበው አፈርና ንጥረ ነገር ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሐይቁ የገባው የቆሮሶ ዓሣም አልጌ የሚመገቡትን ጥቃቅን የውኃ እንስሳት መቀነሱ እንደ ሌላ ምክንያት ይነሳል። የቆሮሶው መግባት ለአካባቢው ነዋሪ የምግብና የገቢ ምንጭ መክፈቱ እውነት ነው። በተዘጋ ሐይቅ ውስጥ አንድ ለውጥ ሌላውን እየጎተተ እስከ ወለሉ እንደሚወርድም ያው ምሳሌ ያሳያል።

ጋዙ የሚሄድበት መንገድና የዓሣው ዕጣ

በደለሉ ውስጥ የተመረተ ሚቴን ሁሉ ወደ አየር አይወጣም። በጥልቅ ሐይቅ ውስጥ አብዛኛው በውኃው ውስጥ እየሟሟ ወደ ላይ ሲወጣ ኦክስጅን ያለበት ንብርብር ይጠብቀዋል። በዚያ ወሰን ላይ ሚቴንን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ይህ ለአየር ንብረቱ በጎ አገልግሎት ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል። አንድ የሚቴን ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ ለመለወጥ ሁለት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ያስፈልጋሉ። ደለሉ ብዙ ሚቴን ባመረተ ቁጥር ለዓሣ መተንፈሻ የሚሆነው ኦክስጅን ይሻማል፤ ሕይወት ያለበት የላይኛው ንብርብርም ይሳሳል።

አደጋው የሚገለጠው ውኃው ሲቀላቀል ነው። በሞቃት ወቅት ቀላሉ ሞቃት ውኃ ከላይ፣ ከባዱ ቀዝቃዛ ውኃ ከታች ሆነው ይለያያሉ። አየሩ ሲቀዘቅዝና ነፋሱ ሲበረታ ልዩነቱ ይላላና ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዓሦች ታፍነው በብዛት ሊሞቱ ይችላሉ። በሐይቁ ዙሪያ በዓሣ ማስገር ለሚተዳደሩ ቤተሰቦች የደለሉ ጉዳይ የዕለት እንጀራ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዳርቻው ሁኔታው ይለያል። ጥልቀቱ ትንሽ በሆነበት ሥፍራ ጋዙ በአረፋ መልክ በፍጥነት ስለሚወጣ ባክቴሪያዎቹ ሊደርሱበት ጊዜ አያገኙም። የውኃው ከፍታ ሲቀንስ በደለሉ ላይ ያለው ጫና ስለሚላላም የታመቀው አረፋ በቀላሉ ያመልጣል። ስለዚህ የሐይቁ መሸሽ የውኃ እጥረት ከማስከተሉ ባሻገር የልቀት ጥያቄም ያስነሳል።

በዚህ አጋጣሚ ከሌሎች አፍሪካዊ ሐይቆች ጋር የሚደረግ ንጽጽር ጥንቃቄ ይሻል። በሩዋንዳና በዴሞክራቲክ ኮንጎ ድንበር ላይ የሚገኘው የኪቩ ሐይቅ ወደ 60 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚገመት ሚቴን በጥልቁ ይዟል። ከዚሁ ጋዝ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያም በሩዋንዳ ተገንብቶ በሥራ ላይ ይገኛል። ኪቩ ግን ከ480 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ ከእሳተ ገሞራ ምንጭ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባበትና ጥልቅ ውኃው ከላይኛው ጋር የማይቀላቀል ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1986 በካሜሩን ኒዮስ ሐይቅ ወደ 1,700 የሚጠጉ ሰዎችን የገደለው ጋዝም ከእሳተ ገሞራ የመነጨ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንጂ ሚቴን አልነበረም። ጋዝን በጥልቅ ውኃ ውስጥ አምቆ የሚይዘው የውኃው ጫና በመሆኑ የ80 ሜትር ሐይቅ የ480 ሜትሩን ያህል ሊያከማች አይችልም። የሐይቅ ሐይቅ ጥያቄ ከድንገተኛ ፍንዳታ ስጋትም ሆነ ከጋዝ ማዕድን ተስፋ ይልቅ የውኃ ጥራትና የተፋሰስ አያያዝ ጥያቄ ነው።

ከጠላት ወደ አገልጋይ

ሚቴን አምራቾቹ በታቀደ ቦታ ሲሠሩ ለኅብረተሰቡ ጠቃሚ ናቸው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአምቦ የግብርና ትምህርት ቤት እንደተሠራ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተካሄደው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራምም አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች በሺዎች ለሚቆጠሩ አባወራዎች ማብላያ አዳርሷል። ስንዱ በሚል ስም የታወቀው ንድፍ ከኔፓል ተሞክሮ የተቀዳ ሲሆን ጉልላቱ ከመሬት በታች የሚቀበር ነው። መቀበሩ ከሌሎች ጥቅሞቹ ጋር የቀንና የሌሊትን የሙቀት ልዩነት ያለዝባል።

የደጋ አካባቢዎች ችግር ግን ቅዝቃዜው ነው። ሙቀቱ ሲቀንስ የጋዙ ምርትም ይቀንሳል፤ እበቱ በማብላያው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ይረዝማል። በአላስካ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የተደረገ ሙከራ በዚህ ረገድ ትምህርት ሰጪ ነው። ተመራማሪዎቹ ከቀዝቃዛ ሐይቆች ወለል ጭቃ ወስደው ቅዝቃዜ የለመዱትን ሚቴን አምራቾች በማብላያ ውስጥ እንደ እርሾ ተጠቅመውባቸዋል። ተሕዋስያኑ ዝቅ ባለ ሙቀትም ጋዝ መስጠት እንደሚችሉ ታይቷል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ግን ምርቱም ጨምሯል። ለኢትዮጵያ ደጋ የሚወሰደው ትምህርት ማብላያን በፀሐይ በኩል መትከል፣ ከነፋስ መከለልና በሚገባ መቅበር መሠረታዊ መሆናቸው ነው። ለቅዝቃዜ የተለማመደ እርሾም አጋዥ ሊሆን ይችላል።

በሐይቅ ዙሪያ ይህ ድርብ ጥቅም አለው። በጎርፍ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ሊገባ ይችል የነበረው እበት በማብላያ ሲገባ ለምድጃ ጋዝ፣ ለማሳ ደግሞ የተብላላ ማዳበሪያ ይሆናል። በደለሉ ውስጥ ሊመረት የነበረው ሚቴን በጓዳ ተቃጥሎ ለማብሰያ ይውላል፤ የማገዶ ጫናውም ይቀላል። ማብላያው የሚያፈስ ከሆነ ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ስለሚለወጥ ቧንቧና ጉልላቱን በየጊዜው መፈተሽ ግድ ነው።

ከተፋሰስ እስከ ወለል የሚጠበቅ ሥራ

የሕግ መሠረቱ ተጥሏል። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ ሀብት ለሕዝብ ከፍተኛ ጥቅም እንዲውልና ከጉዳት እንዲጠበቅ ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው አካባቢን ከመበከል እንዲቆጠብ ያስገድዳል። አዋጆቹ በተዘጋ ሐይቅ ላይ ሙሉ ውጤት የሚኖራቸው ክትትሉ ከውኃው ገጽ አልፎ እስከ ወለሉ ሲወርድ ነው።

በዚህ መሠረት አራት ሥራዎች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። አንደኛው መደበኛ ልኬታ ነው። በሐይቁ ጥልቅ ቦታና በዳርቻው የሙቀትና የኦክስጅን መጠን ከላይ እስከ ታች በየወሩ ቢለካ ውኃው የሚቀላቀልበትን ወቅት ቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ አስጋሪዎችንም ማስጠንቀቅ ያስችላል። ከደለሉ የሚወጣውን አረፋ ለመሰብሰብ የተገለበጠ ማጥለያ ከነጠርሙሱ በቂ በመሆኑ በአቅራቢያው የሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት በአነስተኛ ወጪ ሊያከናውኑት የሚችሉት ነው።

ሁለተኛው የተፋሰስ ልማት ነው። እርከን፣ የተጎዳ መሬትን ከንክኪ ነጻ ማድረግና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር የሚካሄደው ተከላ ወደ አንከርካ የሚወርደውን ደለል ይቀንሳሉ። ተከላው ከሚተከለው ቁጥር ባሻገር በፀደቀው ሽፋንና በቀነሰው ደለል መመዘን ይኖርበታል። ሦስተኛው የዳርቻ ቀጠና ነው። በውኃውና በእርሻው መካከል የሣርና የቁጥቋጦ መቀነት መተው፣ ማዳበሪያን ከከባድ ዝናብ በፊት አለመበተን፣ የከተማ ፍሳሽን ሳይጣራ አለመልቀቅ ይጠበቃል። አራተኛው በሐይቁ ላይ የሚታቀድ የዓሣ ርባታን ይመለከታል። በወንፊት ቀፎ ውስጥ ለሚረባ ዓሣ የሚጣል መኖ ትርፉ በቀጥታ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ በመሆኑ፣ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ሐይቁ ሊሸከም የሚችለው መጠን ሊጠና ይገባል።

እነዚህ ሥራዎች ውጤታቸው በአንድ በጀት ዓመት የሚታይ አይደለም። በደለሉ ውስጥ የተከማቸው ንጥረ ነገር ገባሩ ቢጠራም ለዓመታት ወደ ውኃው መመለሱን ይቀጥላል፤ በመሆኑም ውሳኔው በዘገየ ቁጥር የማገገሚያው ጊዜ ይረዝማል። በዚህ ክረምት ከአምባሰልና ከተሁለደሬ ተዳፋቶች በእርከን የሚያዘው አፈር በሐይቁ ወለል ለሚቴን አምራቾች ቀለብ አይሆንም። ለአስጋሪው የሚተርፈው ኦክስጅንም የሚጠበቀው ከዚያው ከእርከኑ ጀምሮ ነው።